የምላጩ ጀርባ

ሰው ከሁሉ አብልጦ የሚዘነጋው ዘወትር በእጁ የሚነካውን ነገር ነው። ስለ ጋሻና ስለ ጦር፣ ስለ ዘውድና ስለ ካባ አያሌ ገጾች ተጽፈዋል። በየማለዳው ከመስተዋት ፊት የሚነሣው የጢም መላጫ ግን ከሳሙናና ከፎጣ ጋር በአንድ መደርደሪያ ላይ እንደ ተቀመጠ፣ የታሪክ ጸሐፊውም ሠዓሊውም ሳያዩት ያልፋሉ። ዕቃው የሚናገረው አጥቶ ሳይሆን አንባቢ በማጣቱ ይመስለኛል።

ቋንቋችን ግን ምላጭን ንቆት አያውቅም። አበው «ውኃ ቢያንቅ በምን ይውጧል፤ ምላጭ ቢያብጥ በምን ይበጧል» ሲሉ፣ ምላጭን ከመፍትሔዎች ሁሉ መጨረሻ አድርገው ማየታቸው ነው። ያበጠውን ሁሉ የሚበጣው እርሱ ራሱ ቢያብጥ ረዳት ከወዴት ይገኛል? እውነትም ምላጭ በኑሯችን ውስጥ ያልገባበት ቦታ የለም። የሕፃኑን ራስ ዙሪያውን ላጭቶ ቁንጮውን የሚያስቀረው፣ ዋግምት ከመተከሉ በፊት ቆዳውን የሚበጣው፣ የልብስ ሰፊውን ስፌት የሚተረትረው፣ የተማሪውን እርሳስ የሚቀርጸው እርሱ ነው። ሐዘንተኛ ጢሙን አሳድጎ ከሰነበተ በኋላ፣ ዘመድ ወዳጅ መክሮትና ለምኖት ወደ ኑሮው ሲመለስ፣ የመመለሱ ምልክት ምላጭ ፊቱን መንካቱ ነው።

በዚህ ጽሑፍ ላወጋ የምሻው ግን ከምላጭ ወገን ስለ አንዱ ብቻ፣ ዛሬ ከየቤቱ እየጠፋ ስላለው ባለ አንድ ስለት የጢም መላጫ ነው። አስቀድመን ቃላቱን እንለይ። «ምላጭ» ስል የሚቆርጠውን ስስ ብረት፣ «መላጫ» ስል ምላጩ የሚገባበትን ባለ እጀታ መሣሪያ፣ «ስለት» ስል ደግሞ የምላጩን የተሳለ ጠርዝ ማለቴ ነው። አብዛኞቻችን የምናውቀው ምላጭ ግራና ቀኙ የተሳለ፣ መሐሉ የተበሳ፣ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ባለ ሁለት ስለት ነው። ባለ አንድ ስለቱ በአንድ ወገን ብቻ የተሳለ ሆኖ በሌላው ወገን ወፍራም የብረት ጀርባ አለው። ውፍረቱም ይለያል። ባለ ሁለት ስለቱ ከሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ሲሆን፣ ባለ አንድ ስለቱ ወደ ሩብ ሚሊ ሜትር ይጠጋል። ይህ ትንሽ የሚመስል ልዩነት በኋላ እንደምናየው ብዙ ነገር ይወስናል።

ነገሩን ወደ ልቤ ያመጣው በአየር ጤና የገጠመኝ ጉዳይ ነው። ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ በጅማ መንገድ ለሚሄድ መንገደኛ፣ አየር ጤና የታክሲ ረዳቶች ስሙን ከማለዳ እስከ ማታ ሲጠሩት የሚውሉት ሰፈር ነው። ከአስፋልቱ ወደ ውስጥ በሚገቡት መንገዶች ደግሞ ሌላ ጥሪ ይሰማል። «ቆራሌው!» የሚለው የአሮጌ ዕቃ ገዢ ጆንያውን በትከሻው ጥሎ፣ «ልዋጭ!» የሚለው ደግሞ የፕላስቲክ ሳፋውንና ጆጉን ተሸክሞ ከደጅ ወደ ደጅ ይዞራሉ። የእነዚህ ሰዎች ሥራ ለከተማው ያለው ጥቅም ቀላል አይደለም። የአዲስ አበባ አሮጌ ብረት፣ ጠርሙስና ጎማ በእነርሱ እጅ አልፎ መርካቶ ምናለሽ ተራ ይደርሳል፤ በዚያም የባለሙያው መዶሻ ከበርሜል ምድጃ፣ ከአሮጌ ቆርቆሮ አዲስ ዕቃ ያወጣል። ዳሩ ግን ሚዛን ማንበብ አይችልም። ሚዛን ላይ የወጣ ነገር ሁሉ ክብደቱ እንጂ ማንነቱ አይቆጠርለትም።

አባቴ ባረፉ በዓመቱ እኅቴ፣ ወንድሜና እኔ አየር ጤና ባለው ቤታቸው የቀረውን ዕቃ ለመለየት ተሰበሰብን። ከአልጋቸው ራስጌ በነበረች የቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ በካኪ ጨርቅ የተጠቀለለ መላጫ ነበረ። የተጠራው ቆራሌ ገና ወጣት ልጅ ነው። መላጫውን በመዳፉ ከፍ ዝቅ አድርጎ ከመዘነው በኋላ «ናስ ነው ጋሼ፤ ከቧንቧው ጋር ደምሬ በኪሎ እወስደዋለሁ» አለኝ። በሙያው ትክክል ነበር፤ በእርግጥም ናስ ነው። የተለያየነው «ናስ ነው» በሚለው ላይ ሳይሆን «ናስ ብቻ ነው» በሚለው ላይ ነበር። ወንድሜ ግን ከልጁ ይልቅ ከባድ ጥያቄ ጠየቀኝ፦ «ብንሰጠው ምን ይጎድልብናል?»

ጥያቄው ቅን ጥያቄ ነበር። በቤቱ ውስጥ ለሁላችን የሚበቃ መታሰቢያ ሞልቷል፤ ፎቶግራፉ አለ፣ ሜዳሊያው አለ፣ ጋቢያቸው አለ። ስለዚህ «የአባታችን ስለሆነ» የሚለው መልስ ብቻውን አይበቃም። መልሱን ለማግኘት ዕቃውን እንደ መጽሐፍ ከሽፋኑ ጀምሮ ማንበብ ነበረብኝ።

አንድን አሮጌ መላጫ ለማወቅ የመጀመሪያው ጥያቄ «ምን ዓይነት ምላጭ ይጎርሳል?» የሚለው ነው። የባለ ሁለት ስለቱ ራስ ከሁለቱም ወገን አንድ መልክ አለው፤ አዙረው ቢይዙት ልዩነት የለውም። ባለ አንድ ስለቱ ግን እንደ ሰው ፊትና ጀርባ አለው። በፊት በኩል ቆዳውን የሚደግፍ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ያለው ወይም ድፍን የሆነ ጠርዝ ይታያል፤ በኋላ በኩል የምላጩን ጀርባ የሚቀበል ስፍራ አለ። ከግራና ከቀኝ ደግሞ ሁለት ትናንሽ ማገጃዎች አሉ። ስለቱ ከሚገባው በላይ ወደ ፊት እንዳይወጣ የሚያግዱት እነርሱ ናቸው። አሮጌ መላጫ ያገኘ ሰው ከጌጡና ከብልጭታው በፊት እነዚህን ማገጃዎች ይመርምር፤ አንዱ ከተሰበረ ወይም ከተጣመመ ምላጩ አጋድሎ ስለሚቀመጥ፣ ያ መላጫ ለመታያ እንጂ ለፊት አይሆንም።

ሁለተኛው ጥያቄ ቁሱ ነው። የቀድሞዎቹ መላጫዎች አብዛኛውን ጊዜ ከናስ ተሠርተው በኒኬል ወይም በወርቅ ቀለም የተለበጡ ናቸው። ማግኔት ቢያስጠጉት ናስ አይሳብም፤ ጣት ዘወትር በሚያርፍበት ቦታ ላይ ደግሞ ልባጡ አልቆ ብጫው ብቅ ይላል። ሦስተኛው ጥያቄ ጽሑፉ ነው። እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያሻል፤ በብረቱ ላይ የተቀረጸው ቀን ብዙውን ጊዜ የፈጠራው መብት የተመዘገበበት ቀን እንጂ ዕቃው የተሠራበት ቀን አይደለም። አንድ የፈጠራ ቀን በዐሥርተ ዓመታት ውስጥ በተሠሩ ዕቃዎች ላይ ሳይለወጥ ሊቀጥል ይችላል። ስለዚህ ዕድሜን ከቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ከአሠራሩ መፍረድ ይገባል።

አሠራሩን ለማወቅ የዘር ግንዱን መከተል ግድ ነው። ግንዱ ኒው ዮርክ ያደርሰናል። ካምፍ የተባሉ ወንድማማቾች እ.ኤ.አ. በ1880 «ስታር» ለተባለው መላጫቸው የፈጠራ መብት አገኙ። የእነርሱ ምላጭ ከፀጉር ቆራጩ ረዥም ምላጭ ላይ ተቆርጦ የተወሰደ የሚመስል፣ ጀርባው ወፍራም፣ አጭር ብረት ነበረ። ባለቤቱ በድንጋይ ይስለዋል፣ በጠፍር ይወለውለዋል፣ እንደ ገና ይላጭበታል። ከዚያ በኋላ ኪንግ ካምፕ ጂሌት የተባለ ነጋዴ መጣ። ጂሌት የጠርሙስ ክዳንን በፈለሰፈው በዊሊያም ፔይንተር ኩባንያ ውስጥ ይሠራ ነበር። ሰዎች ተጠቅመው የሚጥሉትንና ደግመው የሚገዙትን ነገር እንዲፈጥር ምክር ያገኘውም ከፔይንተር እንደ ሆነ ይነገራል። መሐንዲሱ ዊሊያም ኒከርሰን ስስ ብረት አጠንክሮ የመሳሉን ዘዴ ካገኘለት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1903 ኩባንያው 51 መላጫዎችንና 168 ምላጮችን ሸጠ፤ በቀጣዩ ዓመት የመላጫው ሽያጭ ከ90,000 አለፈ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜም የአሜሪካ መንግሥት ለወታደሮቹ 3.5 ሚሊዮን የጂሌት መላጫዎችን አዘዘ። «ተጠቅሞ መጣል» የሚባለው ሥርዓት በዓለም ወንዶች ፊት ላይ የጸናው በዚህ መንገድ ነው።

ባለ አንድ ስለቶቹ በሁለቱ መካከል ቆሙ። ምላጫቸው ይለወጣል፤ ግን ወፍራም ስለሆነ መሳልንም ይቀበላል። «ጌም»፣ «ኤቨር ሬዲ» እና «ስታር» የተባሉት ስሞች ውሎ አድሮ አሜሪካን ሴፍቲ ሬዘር በተባለው የብሩክሊን ኩባንያ ሥር ተጠቃለሉ። ሄንሪ ጋይስማን የፈለሰፈው «ቫሌት ኦቶስትሮፕ» ደግሞ ምላጩን ሳያወጡ ጠፍር በራሱ ውስጥ አሳልፎ የሚወለውል ብልኅ መሣሪያ ነበር፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ1930 ከጂሌት ጋር ተዋሐደ። በእንግሊዝ የተሠራው «ሮልስ» ድንጋዩንና ጠፍሩን በራሱ ሣጥን ክዳኖች ውስጥ ይዟል። ኮሎኔል ጄኮብ ሺክ እ.ኤ.አ. በ1926 ያወጣው መላጫ የጠመንጃን አጎራረስ የተከተለ ሲሆን፣ ከእርሱ የተወለደው ዘር ምላጩን ከማጎረሻው እየገፉ የሚያስገቡበት ነው።

ይህን ያወቀ ሰው አንድ አሮጌ መላጫ ቢሰጡት ዓይኑን ጨፍኖ በጣቱ ሊለየው ይችላል። ክዳኑ እንደ ሣጥን ክዳን በማጠፊያ የሚከፈት ከሆነ ከቀደሙት የጌም ወይም የኤቨር ሬዲ ወገን ነው። ጠፍር የሚያልፍበት ቀዳዳ ካለው ኦቶስትሮፕ ነው። ክዳኑ ከእጀታው ሥር ያለውን ጉብታ ሲያዞሩት የሚነሣ ከሆነ «ጌም ማይክሮማቲክ» ይባላል። የአባቴ መላጫ ይህ የመጨረሻው ነው። የማይክሮማቲክ የፊት ጠርዝ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ የነበረው ሲሆን፣ በ1940ዎቹ ድፍን ሆኗል። የአባቴ ድፍን ነው። ስለዚህ ዕቃው ራሱ የተሠራበትን ዘመን ነገረኝ፤ ዘመኑም ወዴት እንደምመለከት አሳየኝ።

የተመለከትኩት ወደ ኮሪያ ነው። የመጀመሪያው የቃኘው ሻለቃ ጦር በ1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ኮሪያ ዘመተ። በአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ውስጥ ከ32ኛው ሬጅመንት ጋር ተሰልፎ ተዋጋ። ሁለተኛውና ሦስተኛው ተከተሉት። በጠቅላላው ከ6,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተራ በተራ ሲዘምቱ ከ120 በላይ የሆኑት በዚያ ወደቁ። የተዋጉበት መሣሪያና የያዙት ስንቅ አሜሪካዊ ነበር። አባቴ በ1944 ዓ.ም. ከሁለተኛው ሻለቃ ጋር ሄደው፣ ሲመለሱ ይህን መላጫ ይዘው መጡ፤ አብሯቸው የሰነበተ አሜሪካዊ ወታደር በስንብት የሰጣቸው ነው። ስለ ውጊያው እምብዛም አያወሩም ነበር። ስለ ቅዝቃዜው ግን ያወሩ ነበር። ውኃውን በብረት ቆባቸው አሙቀው ገና ሳይላጩ እንደሚቀዘቅዝባቸው፣ ሳሙናው ጢም ላይ እንደሚደርቅ፣ ሆኖም ጢሙን ሳይላጭ የሚሰለፍ እንዳልነበረ ነግረውናል። አፍንጮ በር አካባቢ የቆመው የኮሪያ ዘማቾች መታሰቢያ ሐውልት እነዚያ ሰዎች እንዴት እንደ ወደቁ ይነግረናል። እንዴት እንደ ነቁ፣ እንዴት ፊታቸውን ታጥበው ቀኑን እንደ ጀመሩ የሚነግረን ይህን የመሰለ ዕቃ ነው።

ከተመለሱ በኋላ ያለው ታሪክ ደግሞ የእጃቸው ብልኀት ታሪክ ነው። በየሱቁ የሚገኘው ባለ ሁለት ስለት ምላጭ ለጌም አይሆንም። ያመጡት ምላጭ እያለቀ፣ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም እየጠፋ በሄደባቸው ዓመታት አባቴ ያላቸውን ጥቂት ምላጭ ለረዥም ጊዜ አኖሩት። ዘዴው ቀላል ነው። የውኃ ብርጭቆ አርጥበው ምላጩን በውስጠኛው ግድግዳ ላይ ያስተኙና በጣታቸው እየተጫኑ ወዲያና ወዲህ ያመላልሱታል። ስለቱ በብርጭቆው ጉብጠት ላይ ሲሄድ ይስተካከላል። በመጨረሻም በመዳፋቸው ላይ ከስለቱ በተቃራኒ እየጎተቱ ይወለውሉታል። ከላይ የጠቀስኩት ውፍረት ጥቅሙ እዚህ ላይ ነው፤ ስሱ ምላጭ ከጣት ሥር ይታጠፋል፣ ይህኛው ግን ጀርባ አለው። የዘመኑ ምላጭ ዝገትን የማይቋቋም ብረት ስለነበረ፣ ከተላጩ በኋላ አውጥተው በጨርቅ አድርቀው ጥቂት ዘይት ያስነኩታል። ብርጭቆው እስከ ዛሬ አለ። ወደ ብርሃን ቢይዙት በውስጡ እንደ ሸረሪት ድር የቀጠኑ መስመሮች ይታያሉ። እንግዳ ሰው የተጫጫረ ብርጭቆ ብሎ ያልፈዋል፤ መላጫውን ያወቀ ግን መስመሮቹን ሊያነባቸው ይችላል። ሁለቱን ዕቃዎች ለየብቻ ብናስቀምጣቸው ሁለቱም ዲዳ ይሆናሉ።

አሁን ወደ አጠቃቀሙ እንምጣ፤ የዕቃው ዋና ምሥጢር ያለው በዚህ ነው። አባቴ በመጨረሻዎቹ ሁለት ዓመታት ቀኝ እጃቸው ከዳቸው። ሰፈሩ «ሃምሳ አለቃ» እያለ የሚያከብራቸው፣ ሳይላጩ ከደጅ ወጥተው የማያውቁ ሰው፣ ጢማቸው ሲያድግ ከመስተዋት ፊታቸውን መመለስ ጀመሩ። ፀጉር አስተካካይ ቤት ድረስ እንጥራልዎት ብንላቸው አልፈቀዱም። ስለዚህ በየሁለት ቀኑ እኔ ከአልጋቸው አጠገብ በርጩማ ስቤ እላጫቸው ጀመር፤ እርሳቸው ያስተምራሉ፣ እጄ ይማራል።

በመጀመሪያ ሙቅ ውኃ ነው። በሙቅ ውኃ የራሰ ፎጣ ጥቂት ደቂቃ ፊት ላይ ሲቆይ ጢሙ ይለሰልሳል። ቀጥሎ ሳሙናው በብሩሽ ይመታል፤ አረፋው እንደ እርጎ እንጂ እንደ ሳሙና ውኃ መሆን የለበትም። ከዚያ መላጫው ይመጣል። ባለ ሁለት ስለቱን የለመደ እጅ እጀታውን ወደ ታች አጋድሞ ይጀምራል። ለጌም ግን ይህ አይሆንም። «አታጋድመው» ይሉኝ ነበር አባቴ፤ «ራሱን ጉንጬ ላይ አስተኛው፤ እጀታው ይቁም። ከዚያ እስኪነክስ ድረስ ቀስ ብለህ አውርደው።» የክዳኑ ጠፍጣፋ ፊት ጉንጭ ላይ ተኝቶ እጀታው ትንሽ ዝቅ ሲል፣ ስለቱ ጢሙን ያገኘዋል። እጅ መጫን የለበትም፤ የናሱ ክብደት ራሱ ይበቃል። የግራ እጅ ቆዳውን ይወጥራል፤ ቀኙ አጭር አጭር አድርጎ ጢሙ በበቀለበት አቅጣጫ ይወርዳል። ልኩ ሲገኝ መላጫው ድምፅ ያወጣል፤ ወፍራሙ ምላጭ እያንዳንዱን ጢም ሲቆርጥ ደረቅ ሣር የሚታጨድ ይመስል ይንሿሿል። አባቴ ዓይናቸውን ጨፍነው ይህን ድምፅ ያዳምጡ ነበር። ድምፁ ሲጠፋ «አጋደልከው» ይላሉ፤ ሲመለስ ዝም ይላሉ።

የእኛ ዘመን ልጅ አባቱን አንቱ ብሎ፣ ሳይጠራ ከፊቱ ሳይቀርብ ያደገ ነው። ጉልበት መሳም እናውቃለን፤ የአባትን ፊት በመዳፍ መያዝ ግን አናውቅም። እኔ የአባቴን ፊት ያወቅሁት በዚያ መላጫ ነው። ከቀኝ መንጋጋቸው ሥር፣ ጢሙ ሸፍኗት ስለኖረች፣ የሩዝ ፍሬ የምታህል ጠባሳ እንዳለች በስድሳ ዓመት ዕድሜዬ ገና ያን ጊዜ አየሁ። መላጫው ወደ እርሷ ሲቀርብ «እዚያ ላይ ከላይ ወደ ታች አይደለም፤ ከጎን ነው» አሉኝ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም አልጠየቅሁም። ነገር ግን ከኮሪያ ጀምሮ በየማለዳው እጃቸው እዚያች ስፍራ ሲደርስ ሲታጠፍ እንደ ኖረ ተረዳሁ። ሜዳሊያው ይህን አልነገረኝም፤ ፎቶግራፉም ቢሆን አልነገረኝም።

ይህን መላጫ ዛሬም እጠቀምበታለሁ፤ ለመታሰቢያ ብዬ ብቻ አይደለም። እንደ እኛ ጥቅልል ጢም ያለው ሰው ከተላጨ በኋላ በአንገቱና በመንጋጋው ሥር ትናንሽ እብጠቶች ይወጡበታል። ምክንያቱ የተቆረጠው ጢም ተመልሶ ወደ ቆዳው ውስጥ መታጠፉ ነው። ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የተስፋፉት ባለ ብዙ ምላጭ መላጫዎች ጢሙን ጎትተው ከቆዳው በታች ስለሚቆርጡት ይህን ያብሱታል። አንድ ስለት ግን ጢሙን በቆዳው ልክ ቆርጦ ያልፋል። የሐኪሞች ምክርም ለእንዲህ ያለ ጢም ባለ አንድ ምላጭ መላጫ ይሻላል የሚል ነው። እንግዲህ አሮጌው ዕቃ አንዳንድ ጊዜ ከአዲሱ ይልቅ ለእኛ ፊት የተሠራ ሆኖ ይገኛል።

ለጌም የሚሆን የማይዝግ ምላጭ አሁንም በውጭ አገር ይሠራል፤ እኔም በአሜሪካ የምትኖረው የእኅቴ ልጅ ስትመጣ ታመጣልኛለች፤ አንዱ እሽግ ብዙ ወራት ያገለግላል። ሆኖም ቀለም መፋቂያ ሆኖ የሚሸጥ ተመሳሳይ ቅርጽ ያለው ምላጭ ስላለ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ እርሱ ለመስተዋትና ለእንጨት የተሳለ እንጂ ለሰው ቆዳ የተሳለ አይደለም። መላጫውን ለማጽዳት ለብ ያለ ውኃ፣ ሳሙናና አሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይበቃል፤ በመጨረሻም አልኮል ያስነኩታል። እንደ ልማዳችን በአመድና በአሸዋ ቢፈተግ ልባጡ ይላጣል።

ከሁሉ በላይ ግን አንድ ነገር አይዘንጋ። በሀገራችን ኤች አይ ቪ መኖሩ እ.ኤ.አ. በ1984 ከታወቀ፣ የመጀመሪያዎቹ የኤድስ ሕሙማንም በ1986 ከተመዘገቡ በኋላ፣ ስለታም ነገሮችን በጋራ ያለመጠቀም ትምህርት በየቤቱ ገብቷል። ቀድሞ አንድ ምላጭ ለቤተሰቡ ሁሉ ጥፍርም ፀጉርም ሲቆርጥ ይኖር ነበር፤ ትምህርቱ ይህን ልማድ ለመለወጥ የተሰጠ ነው። ስለዚህ አባቴን ስላጭ ለእርሳቸው የተለየ ምላጭ ነበረ። ዛሬም የምላጨው በራሴ ምላጭ ነው። እጀታው ይወረሳል፤ ምላጩ ግን አይወረስም።

ለወንድሜ ጥያቄ ያገኘሁት መልስ እንግዲህ ይህ ነው። መላጫውን ብንሰጠው የሚጎድልብን ናሱ አይደለም፤ ናስ ሌላ ቦታ ይገኛል። የሚጎድለው በዕቃውና በእጅ መካከል ያለው ዕውቀት ነው። ብርጭቆው ለምን እንደ ተጫረ፣ እጀታው ለምን እንደሚቆም፣ እጅ ከመንጋጋ ሥር ለምን እንደሚታጠፍ የሚታወቀው ዕቃው በሥራ ላይ እስካለ ድረስ ነው። ወንድሜ ይህን ከሰማ በኋላ አንድ ቀን መላጫውን አንሥቶ ክዳኑን ከፍቶ ዘጋው፤ «ስለ ጠባሳዋ እኔም አላውቅም ነበር» አለኝ። ከዚያ ወዲህ ስለ ሽያጩ አልተነሣም።

ነገሩ ከአንድ ቤት ጉዳይ ይሰፋል። በአየር ጤና የሚያልፈው የጅማ መንገድ ዓለም ገና ሲደርስ ወደ ቡታጅራ የሚታጠፍ ቅርንጫፍ አለው። በዚያ የሄደ ሰው ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ መልካ ቁንጡሬን ያገኛል። መልካ ቁንጡሬና አጎራባቹ ባልጪት እ.ኤ.አ. በ2024 በዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። በዚያ አካባቢ የጥንት እጆች ባልጩት የተባለውን ጥቁር አብረቅራቂ ድንጋይ ከ1.5 ሚሊዮን ዓመት በላይ በሆነ ዘመን ፈልጠው ስለት አውጥተውበታል። ሊቃውንት ዛሬ ያን ድንጋይ አንሥተው የትኛው ጠርዝ እንደ ቆረጠ፣ የትኛው ወገን ከመዳፍ እንዳረፈ ያነባሉ። ለዚያ ድንጋይ የሰጠነውን ትዕግሥት ትናንት ለተለዩን አባቶች ዕቃ ለምን እንነፍጋለን? ድንጋዩን ስሙ የማይታወቅ ሰው ጥሎት ሄዷል፤ የመላጫውን ባለቤት ግን የሚያውቁት ሰዎች ገና በሕይወት አሉ፤ ጠይቆ መልስ የሚያገኝበት ጊዜም አላለፈም።

መምህራን ለተማሪዎቻቸው «ከቤታችሁ አንድ አሮጌ የሥራ ዕቃ ምረጡ፤ ከማን እጅ እንደ መጣ፣ እንዴት እንደሚሠራ፣ የት ቦታው እንዳለቀና ለምን እንዳለቀ ጽፋችሁ ኑ» ብለው ቢያዙ፣ በአንድ ክፍል ውስጥ የአንድ ሰፈር ታሪክ ይሰበሰባል። ሠዓልያን የልብስ ሰፊውን መቀስ፣ የአናጢውን መላጊያ፣ የፀጉር አስተካካዩን ወንበር በዚህ ዓይን ቢያዩ፣ የሰውን ፊት ሳይሥሉ ሰውን መሣል ይቻላቸዋል። የባህል ማዕከላትም ከዕቃው ጋር የተጠቃሚውን ቃልና የእጁን አካሄድ አብረው ቢመዘግቡ፣ ከመስተዋት ሣጥን ውስጥ ያለው ዕቃ ዲዳ ሆኖ አይቀርም።

ቆራሌው ሥራውን ይቀጥል፤ ከተማው ያስፈልገዋል። ብረትም ቀልጦ አዲስ ነገር ቢሆን አይከፋም። ዕቃው ከደጅ ከመውጣቱ በፊት ግን ከቤተሰቡ አንድ ሰው ተቀምጦ አገላብጦ ይየው፤ የተሳለውን ፊቱን ብቻ ሳይሆን እጅ የያዘውን ጀርባውንም ጭምር።